ከግድግዳው ወዲያ ያለው የኬብል ጫፍ

ደማም፣ አል አዳማ ሰፈር ውስጥ ባለችው የቴሌቪዥንና የድምፅ ዕቃ ገጣሚ ሱቅ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ባሺር የሚባለው ዋናው ቴክኒሻን አንድ ትልቅ ካርቶን እየጎተተ አመጣና እፊቴ ገለበጠው። የተጠላለፈ የኬብል ክምር ወጣ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ አንዱ ከሌላው አንገት ላይ ተጠምጥሞ።

«ለይ» አለኝ።

«በምን ልለየው?»

«እሱን አንተ ትነግረኛለህ» አለና ሻዩን ይዞ ወጣ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ዘንድ ሠርቻለሁ። ብየዳ እችላለሁ፣ ቴስተር መያዝ እችላለሁ። ስለዚህ ሥራው ቀላል መሰለኝና በቀለም ለየሁት። ቀይ ጫፍ ያለውን ከቀይ ጋር፣ ነጩን ከነጭ ጋር፣ ጥቁሩን ለብቻ። ከጨረስኩ በኋላ ቁልል ቁልሉን እያየሁ ደስ አለኝ።

ባሺር ሕንዳዊ ነው፣ ከኬረላ። ብዙ ዓመት ባሕረ ሰላጤው ላይ ስለኖረ ዓረብኛው ከእኔ ይሻላል፤ ግን እሱም እንደ እኔ ነው የሚሰባብረው። ተመልሶ ሲያየኝ አልተቆጣም። ከቀዩ ቁልል ውስጥ ሁለት ኬብል መዘዘ።

«ይኼ ቀይ ነው። ይኼም ቀይ ነው። የመጀመሪያው የቀኝ ስፒከርን ድምፅ ነው የሚወስደው። ሁለተኛው ደግሞ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ምስል ነው የሚወስደው። ቀይ ከቀይ ጋር ብለህ ካገናኘህ ምስሉን ወደ ጆሮ ላክኸው ማለት ነው።»

እንደገና ለየሁ። መጀመሪያ በአፋቸው ቅርጽ፣ ከዚያ በሚሸከሙት ነገር። ምስል ብቻ የሚወስድ፣ ድምፅ ብቻ የሚወስድ፣ እንደ ኤችዲኤምአይ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚወስድ፣ ድምፅን በቀይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ኬብል፣ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄድ ጥንድ ሽቦ።

ባሺር አንድ ደንብ ነበረው። ማንኛውንም ኬብል በእጄ ሲያይ «ሚን ወይን፣ ለወይን?» ይለኛል፤ ከየት፣ ወደ የት? መልሱን ካልተናገርኩ መሰካት አይፈቀድልኝም። መጀመሪያ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ስመጣ እንኳ ጠየቀኝ።

«ከየት ወደ የት?»

«ከበራዱ ወደ አንተ።»

«ጥሩ። ስካው» አለና ተቀበለኝ።

የሱቃችን ማዕረግ ሦስት ነው። ተሸካሚ፣ ረዳት፣ ፈኒ። ፈኒ ማለት ቴክኒሻን ነው። ከሦስቱ በላይ የሱቁ ባለቤትና የሁላችንም ካፊል፣ ማለትም አሠሪና ዋስ፣ የሆነው አቡ ፈህድ አለ። እኔ በሥራው ረዳት ሆኜ ነበር፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ግን «ዓሚል» ነው፣ የጉልበት ሠራተኛ። ይህ የአንድ ቃል ልዩነት ብቻ አልነበረም። እኛ ሠራተኞቹ እርስ በርስ እንደምንነጋገረው፣ ለፈኒ ሚስቱን ለጉብኝት ማስመጣት ይቀልለታል፤ ለዓሚል ግን በሩ ጠባብ ነው።

ባለቤቴ ዘይነብ ኮምቦልቻ ናት። በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ ደኅንነቴን ትጠይቃለች፣ ቀጥላ «ዛሬስ ምን ገጠምክ?» ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ፈኒ አላሉህም?» ትላለች።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲህ ደህና እደር፣ የኔ ተሸካሚ።»

እየሳቀች ነው የምትለው። ስልኩን ስዘጋው ግን ሳቁ እኔ ጋ ብዙ አይቆይም ነበር።

ሥራው ከቤት ቤት ይለያያል። ኾበር ባሕሩ ዳር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ አንድ የጥርስ ሐኪም «ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ትልልቆቹ ስፒከሮች ግን አኩርፈዋል» ብለው ደወሉ። ሄድን። ቴሌቪዥኑ በስተጀርባ አራት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ መልሶ የሚልከው ግን አንዱ ብቻ ነው። አቧራ ሲያጸዱ ኬብሉን ነቅለው ጎረቤቱ ቀዳዳ ላይ መልሰውታል። ባሺር ወደ ቦታው መለሰው። «ይኼው ነው?» አሉ ሐኪሙ። «ይኼው ነው» አለ ባሺር። «እኔም ጥርስ ስነቅል እንዲህ ነው የሚሉኝ» አሉና ሁለታችንንም በቀዝቃዛ ጭማቂ ሸኙን።

ዳህራን ውስጥ ደግሞ የነዳጅ ኩባንያው ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው ቤት ሄድን። ከዕቃው ጀርባ ስንዞር ኬብሉ ሁሉ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «ከዲሽ ሪሲቨር»፣ «ወደ ቴሌቪዥን»። ባሺር ቆሞ እንደ ሥዕል አየው። «ከየት ወደ የት የሚለውን እኔ በአፌ ነው የምጠይቀው፣ ይኼ ሰው ግን ጽፎታል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም ሁለቱን ጫፍ ምልክት እናደርጋለን።

በቤተሰብ ቤት ስንሠራ ግን ከኬብሉ በፊት የሚማሩት ሌላ ነገር አለ። የወንድ እንግዳ የሚቀመጥበት መጅሊስ በመንገዱ በኩል ነው፣ በሩም ለብቻው። የቤተሰቡ አዳራሽ ከውስጥ ነው። ወደ ውስጥ የምታልፍ ከሆነ ባለቤቱ ከፊት ይቀድምና ጮክ ብሎ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። ሴቶቹ ሰምተው ዘወር ይላሉ። ከዚያ ትገባለህ። ሴት እንግዳ ከመጣች ደግሞ በሩ ይዘጋል፣ ሥራው የትም ይድረስ የት። ካቻቢቴህ ውስጥ ቀርቶ አንተ ውጪ ልትቀር ትችላለህ። ባሺር እንዲህ ሲያጋጥመው ተምር እየበላ ይጠብቃል። እኔም ተምር እየበላሁ መጠበቅን ከእሱ ነው የተማርኩት።

ባሺር ለዕረፍት ወደ ሀገሩ ሊሄድ ሲል አቡ ፈህድ ጠራኝ።

«አል ጀለዊያ አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ አቡ ናስር የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ብቻህን ሄደህ ጨርስ። ሥራው ካማረ ኢቃማህን ፈኒ ብዬ አስቀይርልሃለሁ።»

«ካላማረስ?»

«ባሺር ከሀገሩ ሌላ ፈኒ ይዞልኝ ይመጣል። አንተ ረዳት ሆነህ ትቀጥላለህ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን። ፈኒ ማለት እሱ ነው። ማፊ ባሺር፣ ባሺር የለም» አለ።

ለዘይነብ አልነገርኳትም። ከተበላሸ ሁለት ሰው ከሚያዝን አንድ ይበቃል ብዬ ነው።

አቡ ናስር ዕድሜያቸውን በደማም ወደብ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። በሄድኩበት ዕለት ማታ የሀገራቸው ቡድን ይጫወታል። የወደብ ጓደኞቻቸውን መጅሊስ ጠርተዋል። የገዙት ፕሮጀክተር ግድግዳውን ሙሉ ምስል የሚያደርግ ነው። ሪሲቨሩና አምፕሊፋየሩ ግን መጅሊሱ ውስጥ አይቀመጡም፤ ከውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለ ቁም ሣጥን ነው የሚሆኑት። ሴቶቹም በአዳራሹ ቴሌቪዥን በዚያው ሪሲቨር ያያሉ። በመሃል ያለውን ግድግዳ የሚያቋርጥ ቧንቧ አለ። ቤቱ ሲታደስ የቤቱ ኤሌክትሪሺያን ረጅም የኤችዲኤምአይ ኬብል ስቦበታል፤ ከዚያ ቀለም ቀቢዎቹ መጥተው ግድግዳውንም የኬብሉን ጫፎችም አብረው ነጭ አድርገዋቸዋል።

ጠዋት ውስጥ ገብቼ ሠራሁ። አቡ ናስር «ያ አላህ» እያሉ ቀድመውኝ። አምፕሊፋየሩን አስቀመጥኩ፣ የአዳራሹንና የመጅሊሱን ስፒከሮች ሽቦ በየቦታቸው አሰርኩ፣ ሪሲቨሩን ሰካሁ፣ ከግድግዳው የወጣውን የኬብል ጫፍም ሰካሁ። ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ መጅሊሱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቼ ፕሮጀክተሩን ሰቀልኩ። እሱን ስጨርስ ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ተሰማ። የአቡ ናስር ባለቤት እህቶች ከነልጆቻቸው መጥተዋል። በመካከል ያለው በር ተዘጋ።

ፕሮጀክተሩን አበራሁት። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። በሰማያዊው መሃል «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ቆሟል።

አቡ ናስር ጽሑፉን አነበቡት። «ሙሽኪላ?»

«ችግር አለ። ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።»

ከፕሮጀክተሩ ጋር ያለውን ጫፍ ነቅዬ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅሁት። ፊደሉ ግማሹ ተበልቷል፣ አልተነበበልኝም። ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልን። የትኛውን ጫፍ በየት በኩል እንዳስቀረ ጠየቅሁት። «ኬብል ኬብል ነው ወንድሜ፣ በሁለቱም ወገን ያልፋል» አለኝ።

በእሱ ሥራ ልክ ነው። አጭሩ የመዳብ ኤችዲኤምአይም በየትኛውም በኩል ቢሰኩት ግድ የለውም። ይህ ግን ርቀቱ ስለበዛ የተገዛ ነው፤ ውስጡ የመስታወት ክር አለ፣ ምስሉን በብርሃን ነው የሚያሻግረው። አንዱ ጫፍ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ከተገለበጠ ላኪው የሚልከው የለውም፣ ተቀባዩም የሚደርሰው የለም። ተገልብጦ ከሆነ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ የውስጡን ጫፍ በማንበብ ነው። የውስጡ ጫፍ ያለው ከተዘጋው በር ወዲያ ነው።

«ሴቶቹ መቼ ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ጨዋታው ሲያልቅ» አሉ አቡ ናስር። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ወደ በሩ ሄደው ተጣሩ። «ሐዋ! ነይ፣ የሀገርሽ ሰው ይፈልግሻል። እኔ እዚሁ ተቀምጬ የማይገባኝን አዳምጣለሁ።»

ሐዋ የቤቱ ሠራተኛ ናት። ፊቷን አላየሁትም። በሩ እንደተዘጋ ድምፅዋ ብቻ መጣ።

«አቤት፣ ማነህ?»

«ሰይድ እባላለሁ። የኮምቦልቻ ነኝ።»

«እኔ የባቲ ነኝ። ሰላም ነው? ምን ጠፋብህ?»

«ከደረጃው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ክፈችልኝ፣ እታለም።»

በሩ አጠገብ ስለሆነ ሲከፈት ሰማሁት።

«ያረቢ! ይኼ ሁሉ አንጀት ምንድነው?»

«አትፍሪው።»

«የበግ አንጀት ስንቱን አጥቤ ይኼን ነው የምፈራው? የቱን ልያዝ?»

«ከግድግዳው የሚወጣውን። አሁን ከዚህ ልጎትተው ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ያዢ።»

ጎተት አደረግሁ።

«ያዝኩት። እንደ እባብ ነው ያፈገፈገው።»

«ንቀይው። ብረት አፉ አጠገብ ቀለም አለ። በጥፍርሽ ፋቂና የተጻፈውን ፊደል አንብቢልኝ።»

ፋቀችው። «ዲ» አለች። «አይ። ኤስ። ከዚያ ፒ…»

«ይበቃል እታለም፣ ገባኝ።»

«አልጨረስኩም እኮ። እስከ ስምንተኛ ተምሬ፣ አንድ ቀን አንብቢ የሚል ሰው ሲገኝ ታቋርጠኛለህ?»

ዲስፕሌይ፣ ማሳያ ነው የሚለው፤ በእጇ ያለው ጫፍ ከፕሮጀክተሩ ጋር መሆን የነበረበት ነው። ኬብሉ ተገልብጧል።

ለአቡ ናስር ያለውን ነገር አስረዳኋቸው። ኬብሉን ሙሉ በሙሉ ወደ መጅሊስ ስቤ ላውጣው፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ከውስጥ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ሲባጎ ይታሰር፤ ኬብሉ ሲወጣ ሲባጎው ቧንቧው ውስጥ ተከትሎ ይገባል። ከዚያ ሲባጎውን ከዚህ ፈትቼ ሌላኛው ጫፍ ላይ አስረዋለሁ፣ ሐዋ ከውስጥ ትስበዋለች፣ ጫፎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። መጥፎው ነገር አንድ ነው። ቋጠሮው መንገድ ላይ ከተፈታ ሲባጎው ቧንቧው ውስጥ ይቀራል። እንደገና ለማሳለፍ የመሳቢያው ሽቦ በውስጥ በኩል መግባት አለበት፣ እሱን የሚያስገባ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔም አልገባም። ማታ እንግዶቹ ባዶ ግድግዳ ያያሉ። አቡ ፈህድም ይደወልለታል።

«ስለዚህ ሁሉም ነገር በሐዋ ቋጠሮ ላይ ነው» አሉ አቡ ናስር።

«በሐዋ ቋጠሮ ላይ ነው።»

ሲባጎና ናስትሮ ሰጠኋቸው፣ ራሳቸው ይዘው ገቡ። «በዚህ ቤት ተሸካሚ እኔ ነኝ» እያሉ ነው የሄዱት።

«እታለም» አልኩ በበሩ፣ «ሲባጎውን ከብረት አፉ ኋላ፣ ኬብሉ ላይ እሰሪው። አፉ ላይ እንዳታስሪው፣ ይነቀላል። ከላዩ ናስትሮ ጠቅልይበት። ኬብሉ ለስላሳ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ጠንቀቅ።»

«ወንድሜ፣ አባቴ ባቲ ገበያ ግመል ጫኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ከእሱ ጋር ስቋጥር ነው ያደግኩት። የግመል ሆድ አያንሸራትትም መሰለህ?»

«የግመል ሆድ ቧንቧ ውስጥ አይገባም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «ስማኝ፣ ናስትሮውን ከላይ ሳይሆን መጀመሪያ ከሥር ልጠቅልለው? እኛ ለስላሳ ነገር ላይ ጨርቅ ሳናደርግ ገመድ አናስርም ነበር። ገመዱ የሚይዘው ነገር ያጣል።»

አሰብኩበት። ናስትሮ ከሥር ካለ ሲባጎው ይነክሰዋል። ከላይ ብቻ ከሆነ ግን ቋጠሮውን ይሸፍነዋል እንጂ አይዘውም። እኔና ባሺር ሁልጊዜ ከላይ ነበር የምናደርገው።

«ከሥርም ከላይም አድርጊው» አልኳት።

ሠራችው። ከውስጥ ልጆቹ ሲንጫጩ ድምፅ ስለማይሰማ በሲባጎው ተግባባን፤ አንዴ ከሳብሽ ቀጥል ነው፣ ሁለቴ ከሳብሽ ቁም። ኬብሉን እየሳብኩ አወጣሁት። ምንጣፉ ላይ ተከመረ። መጨረሻ ላይ የሐዋ ቋጠሮ ከቀዳዳው ብቅ አለ። አቡ ናስር ጎንበስ ብለው በመነጽር አዩት፣ በጣታቸውም ገፋ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ።

«ወደብ ላይ እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚቋጥሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱን ብዙ ደመወዝ ከፍለን ነው ያቆየናቸው» አሉ።

ቋጠሮውን ለመፍታት ካቻቢቴ አስፈለገኝ። ሌላኛውን ጫፍ በሷው አሠራር አሰርኩት፤ ናስትሮ፣ ሲባጎ፣ ናስትሮ። አሁን ሐዋ ሳበች፣ እኔ እየመገብኩ ወደ ቧንቧው አስገባሁ። ግማሹ በሰላም ገባ። ከዚያ ቆመ። ከወዲያ ሁለት ጊዜ ሲሳብ በእጄ ተሰማኝ።

«ምን ሆነ?» አልኩ በበሩ።

«እንቢ አለ። ልጎትተው?»

«እንዳትጎትቺ። መታጠፊያው ላይ ነው። ላላ አድርጊው።»

የሚያንሸራትት ነገር ያስፈልጋል። ፈሳሽ ሳሙና በኬብሉ አፍ ከገባ ጉድ ይሆናል። አቡ ናስርን የልጅ ቦድራ አለ ወይ አልኳቸው። የልጅ ልጃቸውን ቦድራ ይዘው መጡ። ኬብሉ ላይ እየነሰነስኩ ወደ ኋላ መለስ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ እንደገና መለስ አደረግሁት። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ አቡ ናስር ተነሱ፤ «እኔ እዚሁ እሰግዳለሁ፣ አንተም ና፣ እሱም ትንሽ ይረፍ» አሉ። ሰገድን። ስንመለስ ኬብሉ እንደቆመ ነው። ቦድራውን ጨመርኩና ኬብሉን አንዴ ሳብኩ። ከወዲያ መልሳ ሳበች። መታጠፊያውን ሲያልፍ በእጄ ተሰማኝ፤ የጨበጥከው እጅ ሲለቅህ እንደሚሰማው ነው።

«ወጣ!» አለች ሐዋ። «ነጭ በነጭ ሆኖ ነው የወጣው፣ ዳቦ ጋጋሪ ይመስላል።»

«ጠራርጊው። ምን ይላል?»

«ኤስ። ኦ። ዩ…»

«ይበቃል፣ ሶርስ ነው፤ የላኪው ጫፍ።»

«ደግሞ ይበቃል!»

«ከመሰካትሽ በፊት፣ ኬብሉ ከየት ወደ የት ነው የሚሄደው?»

«ከዚህ ሣጥን ወደ አንተ። ሌላ የት ይሄዳል?»

«ስኪው።»

ሰማያዊው ግድግዳ ጠፋና አረንጓዴ ሜዳ መጣ። ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ነው፣ እያንዳንዳቸው እንደ በሩ ያክላሉ። አቡ ናስር ትራስ ላይ ተቀመጡ። ግን ድምፅ የለም። አንድ አፍታም ሳይቆይ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ።

«ወንድሜ!» አለች ሐዋ፣ «ድምፁ እዚህ ነው! የማዳም እህት ወንድ ገባ ብላ ዓባያዋን እየፈለገች ነው፣ ልጆቹ እየሳቁባት ነው፣ አጥፋው!»

ጠዋት ስሞክረው ክፍት የተውኩት የአዳራሹን ስፒከር ነበር። «ከፊት ለፊቱ ኤ እና ቢ የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ኤን አጥፊ፣ ቢን ተጫኚ።»

የአስተላላፊው ድምፅ ከሴቶቹ አዳራሽ ወጥቶ መጅሊሱ ውስጥ ገባ። አቡ ናስር ወደ ግድግዳው እያዩ «አህለን» አሉት፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ይመስል።

በምሽቱ ሶላት፣ በዒሻ፣ እንግዶቹ መጡ። አንዱ ሽማግሌ ገና ሲገቡ አየሩን አሸተቱ። «አቡ ናስር፣ ሕፃን ተወለደላችሁ እንዴ?»

«ተወልዷል» አሉ አቡ ናስር። «ቁመቱ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያኛው ድረስ ነው።»

ከእንግዶቹ መጨረሻ የገባው አቡ ፈህድ ነበር። እንደሚመጣ አልነገረኝም። ቆሞ ምስሉን አየ፣ ስፒከሮቹን ሰማ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ የሚሄደውን ኬብል አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ብቻህን ጨረስከው?»

ሁሉም እየሰማ ነው። አዎ ብል የሚያስተባብለኝ አልነበረም፤ አቡ ናስር ወደውኛል፣ ሐዋም ከበሩ ወዲያ ናት። ዘይነብ ትዝ አለችኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው።

«ብቻዬን አይደለም» አልኩት። «ኬብሉ ተገልብጦ ነበር። የውስጡን ጫፍ ያነበበችው፣ ያሰረችውና የሳበችው የቤቱ ሠራተኛ ሐዋ ናት። አስተሳሰሩም የሷ ነው። እሷ ባትኖር ይኼን ጊዜ ባዶ ግድግዳ ነበር የምታዩት።»

አቡ ፈህድ ዞሮ አቡ ናስርን አያቸው።

«እኔም ሲባጎና ቦድራ ተሸክሜያለሁ» አሉ አቡ ናስር። «የእኔን ስም ሳይጠራ ነው ያለፈው፣ ይኼን ልብ በልልኝ።»

እንግዶቹ ሳቁ። አቡ ፈህድ ግን አልሳቀም።

«ባሺር ኬብል ሲስብ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዘው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«በዚህ ምክንያት ፈኒ አይደለህም ብዬው አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ኸላስ፣ በቃ። እሑድ ኢቃማህን ይዘህ ና። አሁን ቁጭ በል፣ ምስሉን ከለልከኝ።»

ተቀመጥኩ። ጨዋታው አቻ ወጣ፤ ማንም ግን ስለ ምስሉ አላማረረም።

በማግስቱ ለዘይነብ ደወልኩ። ደኅንነቴን ጠየቀች፣ ቀጥላ ምን ገጠምክ አለች። ነገርኳት። «እንግዲህ ለኔ ተሸካሚ ማን ሊሆነኝ ነው?» አለች።

ባሺር ከዕረፍቱ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ሻንጣውን ሳይፈታ ሲባጎና ቁራጭ ኬብል አቀበለኝ፣ «አሳየኝ» አለ። ናስትሮ፣ ሲባጎ፣ ናስትሮ። በሙሉ ጉልበቱ ሳበው። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ውስጥ ሌላ አስተሳሰር የለም። ስሙም «ሐዋ» ነው። «ሐዋ አድርግለት» ይላል ባሺር፤ አዲስ የመጡት ልጆች የሰው ስም መሆኑን ዘግይተው ነው የሚያውቁት።

ዘይነብ ለጉብኝት የመጣች ጊዜ አቡ ናስር ምሳ ጠሩን። እኔ መጅሊሱ ውስጥ ከሳቸው ጋር ተቀመጥኩ፣ እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሁለት ሴቶች ሳቅ በግድግዳው በኩል መጣ፣ አንዱ የባቲ፣ አንዱ የኮምቦልቻ። ሐዋን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ዘይነብ ረጅም ናት ብላኛለች። በዚያ ቤት ሪሞትም ይሁን ኬብል ሲበላሽ የሚጠሩት እሷን ነው፤ ልጆቹም «ሙሀንዲሳ» ይሏታል። ለእኛ ደውለውልን አያውቁም።

ወደ ሥራው ለምትገቡት የማውቀው ይኼን ያህል ነው። ኬብል ከመሰካታችሁ በፊት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ተናገሩ። ሁለቱንም ጫፍ ምልክት አድርጉበት። በማታዩት ጫፍ በኩል ሰው ካለ የሚነግራችሁን ስሙ። ሥራው ሲያልቅ ማን ሠራው ከተባላችሁ፣ የዚያንም ሰው ስም ጥሩ።